በፓይተን ቺፕን ማዘዝ፦ የት ያዋጣል? የት አያዋጣም?

ሃርድዌርን በቀጥታ የሚያዝ ፕሮግራም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሲ የተባለውን ቋንቋ ነው። ይሁንና አውስትራሊያዊው ዴሚየን ጆርጅ በ2013 እ.ኤ.አ ማይክሮፓይተንን ካስተዋወቀ ወዲህ ለጀማሪ የሚቀለው ፓይተንም ወደዚህ ሥራ ገብቷል። 256 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 16 ኪሎባይት ራም ይበቃዋል። መብራት ማብራትም ሆነ ሙቀት መለካት በጥቂት መስመሮች ይጻፋል፤ የቺፑን ሬጅስተሮች በቀጥታ መንካትም ይቻላል።

አንድ ችግር ግን አለ። ማይክሮፓይተን የማያስፈልግ ሚሞሪ ለማጽዳት ሥራውን በየመሃሉ ለአፍታ ያቆማል። የአፈር እርጥበት ለሚለካ መሣሪያ ይህ ምንም አይደለም፤ በማይክሮ ሰከንድ ለሚቆጣጠሩት ሞተር ግን አደጋ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ ወጣቶቻችን የምንመክረው ይህን ነው፦ በፓይተን ጀምሩ፤ ፋታ የማይሰጠውን ክፍል ብቻ በሲ ጻፉት።