ሰው የማይኖርበት መንደር

የሂሳብ መምህራችን ከኬረላ የመጡ ሕንዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ትውልድ መንደራቸው ሲያጫውቱን ከ15 ሺህ በላይ ሰው እንደሚኖርበት ነገሩንና ክፍሉ አውካካ። ከተማ ለማለት ፈልገው ነው ብለን እንግሊዝኛቸውን ጠረጠርን። የተሳሳትነው እኛ መሆናችን የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሕንድን የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ማገላበጥ ስጀምር ነው።

ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ መስመር ይሰጣል፦ የቤተሰብ ብዛት፣ ወንድ፣ ሴት፣ እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናት፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ አራሽ፣ የእርሻ የቀን ሠራተኛ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ 833 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ከአገሬው ከመቶ 69 የሚሆነው፣ በእነዚህ መስመሮች ሰፍሯል።

መንደሮቹ 640 ሺህ ገደማ ናቸው። ችኩል ጸሐፊ ሕዝቡን ለመንደሮቹ ያካፍልና «የሕንድ መንደር በአማካይ 1,300 ሰው አለው» ብሎ ያልፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ከእነዚያ ውስጥ 43 ሺህ ያህሉ አንድም ነዋሪ የላቸውማ! ታዲያ እንዴት መንደር ተባሉ? በመሬት መዝገብ ቋንቋ መንደር ማለት ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶች ሳይሆን ለግብር ሲባል ድንበሩ የተለየ መሬት ነው። ነዋሪው የለቀቀው፣ ግድብ የዋጠው፣ ጭራሹን ማንም ያልሰፈረበት መሬት ስሙንና ወሰኑን ይዞ በመዝገቡ ይቆያል። ባዶውን ከፋርስኛ በመጣ ቃል «ቤቺራግ» ይሉታል፤ ኩራዝ የማይበራበት እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው መሬት ጦም ያድራል ማለት ግን አይደለም። የጎረቤት ገበሬ ጠዋት ገብቶ ያርሰውና ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆጣሪው የሚያድርበት ሰው ስለማያገኝ በነዋሪው ዓምድ ዜሮ ይጽፋል።

ተቃራኒውም አለ። በአንድ መንደር ወሰን ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ብዙ ጎጦች ይገኛሉ፤ በቢሃር ቶላ፣ በራጃስታን ዳኒ ይባላሉ። ነዋሪው «መንደሬ» የሚለው ጎጡን ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ጎጥን አያውቅም። ክልሎቹም የየራሳቸው መልክ አላቸው። በተራራማው ሂማቻል ፕራዴሽ ሰው የሚኖርባቸው 18 ሺህ ገደማ መንደሮች 6 ሚሊዮን ገደማ የገጠር ሕዝብ ይከፋፈላሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 350 ያህል ሰው ነው። በኬረላ ግን የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጓሮ ተያይዞ ስለሚሄድ ከ17 ሚሊዮን በላይ የገጠር ሕዝብ በ1,000 ገደማ መንደሮች ተጠቃሏል። መምህሬ የነገሩን ቁጥር ለኬረላ መንደር እንግዳ አልነበረም።

የጾታው ነገር አጭር ነው፦ በገጠር ለ1,000 ወንድ 949 ሴት። በንባቡ ግን ልቆጣ። ሕንድ ማንበብና መጻፍ የሚችለውን የምታሰላው ከ7 ዓመት ጀምሮ ካለው ሕዝብ ነው፤ ለጠቅላላው ነዋሪ የሚያካፍል ሰው ጡት የሚጠባውን ሕፃን ሳይቀር መሃይም አድርጎ ይቆጥራል። ሕፃናቱ ደግሞ ከገጠሩ ሕዝብ ከሰባት አንድ ያህል ናቸው።

እኔ በጣም የምወደው የመጀመሪያውን ዓምድ፣ የቤተሰቡን ነው። ቤተሰብ የሚባሉት አብረው እየኖሩ ከአንድ ማድቤት የሚበሉ ናቸው፤ ጣራና ግድግዳ አይጠየቅም። ባንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ወጥ እስካልለዩ ድረስ አንድ ናቸው። የታናሽዬው ሚስት በረንዳው ጥግ የራሷን ድስት የጣደች ዕለት ግን፣ ማንም ሳይወለድ ማንም ሳይመጣ፣ መንደሩ አንድ ቤተሰብ ይጨምራል።