ጉልበትና ቤተሰብ እንደ መለያ መስፈርት፦ ኦቲዝም ያለበት ጎልማሳ በልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥ

መግቢያ

በሀገራችን ስለ ኦቲዝም የሚጻፈው በአመዛኙ ስለ ሕፃናት ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ዋናው ጥያቄ እነዚህ ልጆች የት ይማሩ የሚል ነበር። የዚያ ዘመን ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ ጥያቄውም በማን ገቢ፣ በምን መብት ይኑሩ ወደሚል ተሸጋግሯል። ቤተልሔም ተኮላና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የሁኔታ ዳሰሳ እንዳመለከቱት የኦቲዝም አገልግሎት በአዲስ አበባ የተከማቸ ነው። ስለሆነም በገጠር የሚኖር ኦቲዝም ያለበት ጎልማሳ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በምርመራ ተቋም ሳይሆን በቀበሌው የተረጂዎች ልየታ በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ልየታ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያይ፣ የዋጃንና የአካባቢዋን የራያ ቆላ በምሳሌነት በመውሰድ ያብራራል።

ጉልበት እንዴት ይለካል?

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ማሽላና ጤፍ የሚመረትበት፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳ የሚመራበት፣ ዝናብ ሲያጥር ግን ቶሎ የሚጎዳ ቆላ ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ ጉልበት የሚባለው በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ማረም፣ ማጨድ፣ ወፍ መጠበቅ፣ ከብት ማሰማራት። ኦቲዝም ያለበት ወጣት ከእነዚህ አንዱን ለብቻው በትጋት ሊሠራ ይችላል። ይሁንና ሥራው ድንገት ሲቀየር፣ ሰው ሲበዛና ጫጫታ ሲበረታ፣ በገበያ ዋጋ መከራከር ወይም ከማያውቀው አለቃ ትእዛዝ መቀበል ሲያስፈልግ ሊቋረጥበት ይችላል። ችግሩ በክንዱ ላይ አይታይም፤ ስለዚህም «ደህና ጉልበት አለው» ተብሎ ይታለፋል።

መስፈርቶቹና አሠራራቸው

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎችን የሚመርጠው በማኅበረሰብ ልየታ ነው። መመሪያው ተደጋጋሚ የምግብ እጥረት የደረሰበትን፣ ንብረቱን በድንገት ያጣውንና በቂ የቤተሰብ ድጋፍ የሌለውን አባወራ ወይም እማወራ ያስቀድማል። የተመረጡት ቤተሰቦች ለሁለት ይከፈላሉ። ለሥራ የደረሰና ጉልበት ያለው አባል ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ በእርጅና፣ በጽኑ ሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የሚሠራ ሰው የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ ቋሚ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ በዓመት ለ6 ወራት፣ የኋለኞቹ ለ12 ወራት እንዲከፈላቸው ተደንግጓል።

ለማብራሪያ ያህል፣ ባሏ የሞተባትን አንዲት እናትና ኦቲዝም ያለበትን የ25 ዓመት ልጇን እናስብ። ልጁ ጉልበት እንዳለው ከተቆጠረ ቤተሰቡ ወደ ማኅበረሰብ ሥራ ይመደባል። የሥራ ቀኑ የሚሰላው በአባላት ቁጥር ስለሆነ ልጁ የሥራ ቦታውን ጥሎ ሲሄድ ቀኑን እናቱ ትሸፍናለች። ልጁ መሥራት እንደማይችል ቢታመንም ውጤቱ ብዙ አይለወጥም፤ እናቲቱ ጉልበት አላትና ቤተሰቡ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ቋሚ ድጋፍ ወደ ልጁ የሚደርሰው የእሱ ፍላጎት ሲታወቅ ሳይሆን እናቱ ስትደክም ነው። በዚህ ላይ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደ ወንድም በየጊዜው ጥቂት ገንዘብ ቢልክ፣ ገንዘቡ «የቤተሰብ ድጋፍ» ሆኖ ቤተሰቡን ጨርሶ ከዝርዝሩ ሊያስወጣው ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ዘመድ የሚሸከመው ወጪ የችግር አለመኖር ማስረጃ ይሆናል።

ሕጉ ሸክሙን የት ያኖረዋል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃን መብት ለአካል ጉዳተኛው በራሱ ስም ይሰጣል። በሌላ በኩል የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በወላጅና በተወላጅ፣ እንዲሁም በወንድምና እኅት መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያቆማል። ግዴታው የሚነሣው ጠያቂው ችግረኛ ሲሆንና ሠርቶ መኖር ሲያቅተው ነው። ይህ የቀለብ ሕግ ከሴፍቲኔቱ መስፈርት ጋር ሲነበብ፣ መንግሥት የመጨረሻው ተጠሪ፣ ዘመድ ደግሞ የመጀመሪያው ሆኖ ይገኛል።

ዘመድ ግን ያልፋል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ለሟች ልጅ እስከ 18 ዓመት፣ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት እስከ 21 ዓመት አበል ይፈቅድ ነበር። ኦቲዝም ግን በ21 ዓመት አያበቃም። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ከ22 ዓመት በፊት አካል ጉዳተኛ ለሆነ ልጅ የወላጁን መብት ያለ ዕድሜ ገደብ ያስተላልፋል። ያው ሥርዓት ግን በዘመድ ቤት የሚኖርና ምግብም መጠለያም በነጻ የሚያገኝ ድሃ አካል ጉዳተኛን ድጎማ በአንድ ሦስተኛ ይቀንስ ነበር፤ ምግብ ከስሌቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መጨረሻ ነው። የደቡብ አፍሪካ የአካል ጉዳት ድጎማ ደግሞ የአመልካቹንና የትዳር ጓደኛውን ገቢ እንጂ የወላጆቹን አይመዝንም። ቤተሰብን እንደ ገቢ የመቁጠር ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ መፍትሔውም የማይደረስበት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ልየታው የሰውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የዕለት ተግባሩን መጠየቅ ይኖርበታል። የዋሽንግተን ቡድን አጭር መጠይቅ ስለ ማየትና መራመድ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስታወስ፣ ራስን ስለ መንከባከብና ስለ መግባባትም ይጠይቃል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ቀበሌም ሊሠራበት ይችላል። መጠይቁ ኦቲዝምን ለመለየት የተዘጋጀ ባይሆንም ልጁ ያለ ሰው እርዳታ ምን ማድረግ እንደሚችል ቤተሰቡ የሚናገርበትን በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ለአካል ጉዳተኛ ጎልማሳ የሚደረግ የዘመድ እርዳታ እንደ ወጪ እንጂ እንደ ሀብት ሊቆጠር አይገባም። ሦስተኛ፣ የልጁ መብት ከእናቱ ጉልበት ተነጥሎ በስሙ ሊመዘገብ ይገባል፤ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም እንዲህ ያለውን አቤቱታ ለይቶ ሊያይ ይችላል። አለበለዚያ ድጋፉ የሚደርሰው ደጋፊው ከወደቀ በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልጁን ወክሎ በልየታው ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው አይገኝም።