የባል ዕዳ የሚስትን ቁጠባ ይነካል?

«በስሜ ያለ ብር የኔ ብቻ ነው።» ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አገራችን በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ ከጋብቻ በኋላ የምናገኘው ደመወዝ በስማችን ባንክ ቢቀመጥም የጋራ ነው። ባል የግል ዕዳ ኖሮበት የራሱ ንብረት ካልበቃ፣ አበዳሪው ወደ ጋራው ንብረት ይመጣል። ለትዳሩ ኑሮ የተበደረው ከሆነ ደግሞ ያንቺን የግል ንብረትም ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀለበት ከማሰርሽ በፊት «ዕዳ አለብህ? ከማን? ስንት?» ብለሽ ጠይቂው፤ ነውር አይደለም። ከጋብቻ በፊት ያጠራቀምሽው የግልሽ ነው፤ የባንክ ደረሰኙን ከነቀኑ ያዢ። ገቢያችሁን መለየት ከፈለጋችሁ፣ ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ምስክሮቹ አራት ናቸው፣ ሁለት ባንቺ፣ ሁለት በሱ በኩል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ከመፈረምሽ በፊት የአካባቢሽን ጠበቃ አማክሪ።