«ማሽን ገባ» ሲባል

በኮቪድ ጊዜ «ማሽን ገባ» የሚለው ወሬ በየቤቱ ደረሰ። ገሚሱ የሞት ምልክት አድርጎ ሰማው፤ ገሚሱ ደግሞ ፈውስ ነው ብሎ ጠበቀ። የመተንፈሻ መሣሪያው ግን ሁለቱም አይደለም።

ሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በእነሱ እጅግ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ከባድ የሳንባ ምች፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ሲይዘን ተሐዋሲውም፣ ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያስነሳው ብግነትም ያንን ግድግዳ ያቆስሉታል። ከደም ሥር የሾለከ ፈሳሽ ከረጢቶቹን ይሞላል፤ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ፈሳሽም ይበላሻል። አየሩ ይገባል፣ ደሙም ያልፋል፣ ግን አይገናኙም። በሽተኛው ኦክስጅን እየተሰጠውም የሚታፈነው ለዚህ ነው። መነሻው የግድ ከሳንባ አይደለም፤ በሌላ አካል የጀመረ ኢንፌክሽን፣ የቆሽት መቆጣት ወይም ከባድ አደጋም እዚሁ ያደርሳል።

የዴንቨር ሐኪሞች ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1967 በ12 ሕሙማን ላይ አይተው ከገለጹት በኋላ፣ ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ በመሣሪያው አየሩን በብዛት መግፋት ነበር። የታመመ ሳንባ ግን በሙሉ አይሠራም፤ በከባዱ ሕመም አየር የሚይዘው ቀሪ ክፍል የሕፃን ሳንባ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአዋቂ የሚበቃ አየር ሲገፋበት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የአየሩን መጠን በግማሽ ሲቀንስ፣ ሞት ከ40 ወደ 31 በመቶ ወረደ፤ ያለ አንዳች አዲስ መድኃኒት! እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በፅኑ የታመሙትን በቀን 16 ሰዓት ያህል በሆዳቸው ማስተኛት፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ33 ወደ 16 በመቶ አወረደ። በጀርባ ሲተኙ የልብና የራሱ የሳንባው ክብደት የኋላውን ክፍል ይጨፈልቀዋልና። መሣሪያው እንግዲህ ሳንባው እስኪያገግም ጊዜ ይገዛል፤ አያድንም።

የእኛን አካባቢ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። የዚህ ሕመም የቀድሞው የምርመራ መስፈርት የመተንፈሻ መሣሪያና የደም ጋዝ ምርመራ ይጠይቅ ስለነበር፣ እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል በሽታው «የለም» ማለት ነበር። ኪጋሊ ላይ የተሠራ ጥናት ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያና በአልትራሳውንድ መለየት እንደሚቻል አሳየ፤ አዲሱ ዓለም አቀፍ መስፈርትም ተቀብሎታል።

የጣት መለኪያውን ግን ብቻውን አትመኑት። በጠቆረ ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። በሽተኛው ቁና ቁና ከተነፈሰ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።