ፊታችን በፎቶ ላይ ለምን ይጠቁራል?

በዛሬው አምዳችን ከወትሮው ወጣ ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ስለ ራሽን ወይም ስለ ውሃ ወረፋ ሳይሆን ስለ ፎቶግራፍ ካሜራ ነው። «በዚህ ኑሮ ላይ ደግሞ ይሄ ምን ቅብጠት ነው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሱን።

የስደተኛ ኑሮ ያለ ፎቶ አይንቀሳቀስም። ለምዝገባ ፎቶ፣ ለመታወቂያ ፎቶ፣ ለፎርም ፎቶ ይባላል። አገር ቤት ላለች እናት «በሕይወት አለሁ» ለማለትም ከደብዳቤ ይልቅ ፎቶ ይታመናል። በቅርቡ ከሰፈራችን እናቶች አንዷ ለአንድ ቢሮ ያስገቡት ፎቶ «ፊቱ አይታይም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰባቸው። ፎቶውን ተቀባብለን አየነው። ነጠላው ጥርት ብሎ ይታያል፣ የድንኳኑ ሸራ ይታያል፣ ሰማዩም ይታያል። ፊታቸው ብቻ ጥላ ሆኗል። እሳቸውም «ለመሆኑ ያነሱት እኔን ነው ወይስ ነጠላዬን?» አሉ።

ጥያቄያቸው ከቀልድነት ያለፈ ነው። ካሜራው በእርግጥ ያነሳው ነጠላውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ አውቶማቲክ ላይ ሲሆን ከፊቱ ያለው ሰው ይሁን ግድግዳ አይለይም፤ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። (አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎችና ስልኮች ፊት ይፈልጋሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በጠራራ ፀሐይ ይሳሳታሉ።) የተሠራውም ያየው ነገር ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ነው፤ የደረሰበትን ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ማለት ነው። ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ጥቁር ሲበዛበት «ጨለማ ነው» ብሎ ይጨምራል። እንግዲህ የኛን ፋው አስቡት። ነጭ ሸራ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጀለቢያ፣ ከላይ ነጭ ሰማይ። ካሜራው ይህን ሁሉ ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ሲቆርጥ ፊታችን አብሮ ይጨልማል። በተቃራኒው ከራሃድ የእርሻ ፕሮጀክት በኩል ያለውን ጥቁር መረሬ አፈር ከኋላ አድርገን ስንነሳ ብርሃኑን ይጨምርና ፊታችን ይነጣል። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ሁለት ዓይነት መልክ።

የነገሩ ሥር ከዚህም ይርቃል። ለብዙ ዘመን የኮዳክ ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አማረ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነገሩ መሻሻል የጀመረው በአብዛኛው በጥቁር ሰዎች አቤቱታ አልነበረም። ቸኮሌት የሚሸጡና የእንጨት ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች «የዕቃችን ቡናማ ቀለም በፎቶ አልለይ አለ» ብለው ስላማረሩ ጭምር ነው። ከሰው ፊት ቸኮሌት ቀደመ ማለት ነው፤ ሳቅም ንዴትም ያመጣል።

ታዲያ መፍትሔው ማሽኑን ከመለመን ራስ መወሰን ነው። በካሜራው ራስ ላይ ካለው መዞሪያ «ኤም» የምትለዋን ፊደል መምረጥ ነው። ማኑዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምናዝዛቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ለተማሪዎቻችን በቦኖ ውሃ አስረዳናቸው፤ ገባቸው።

አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ አፐርቸር ይሉታል። የቧንቧው አከፋፈት እንደ ማለት ነው። ቁጥሮቹ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሁሉም ይደናገራል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ቀዳዳው ይጠባልና። ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ2 ሲካፈል ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ16 ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ክፍልፋይ የተማረ ልጅ ይህን ከኛ ቀድሞ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ሻተር ነው፤ ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። 1/60 ሲባል የሰከንድ 60ኛ እጅ ነው። ከ1/60 ከዘገየ እጃችን ይንቀጠቀጥና ፎቶው ይደበዝዛል። ለሚሮጥ ሕፃን 1/500 ያስፈልጋል። ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ ነው፤ በድሮ ፊልም ካርቶን ላይ አሳ ይባል የነበረው። ይህ የጀሪካኑ መጠን ነው በሉት። ቁጥሩ ሲጨምር ጀሪካኑ ትንሽ ስለሚሆን በትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞላል። ዋጋው ግን ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት መምሰሉ ነው። በፊልም ካሜራ ይህ ቁጥር ፊልሙ እስኪያልቅ አይቀየርም፤ በዲጂታል በየፎቶው ይቀየራል። ስልክ ያላችሁም «ፕሮ» የሚለውን ብትከፍቱ ሻተሩንና አይ.ኤስ.ኦውን ታገኛላችሁ፤ ቀዳዳው ግን በአብዛኞቹ ስልኮች አይለወጥም።

አሁን ወደ ሜዳችን እንምጣ። የብርሃን መለኪያው የተበላሸ አሮጌ ካሜራ እንኳ በፋው ይሠራል፤ ፀሐያችን ታማኝ ናትና። ደመና በሌለበት ቀትር፣ አይ.ኤስ.ኦ 100 ከሆነ፣ ቀዳዳውን 16 ሻተሩን 1/125 አድርጉ። አይ.ኤስ.ኦ 200 ከሆነ ሻተሩ 1/250 ይሆናል። አቧራ አየሩን ሸፍኖት ጥላችሁ ጠርዙ የደበዘዘ እንደሆነ ቀዳዳውን 11 አድርጉት። ጥላችሁ ጨርሶ ሲጠፋ 8 ወይም 5.6፤ ራኩባ ሥር ከሆናችሁ 4። መለኪያችሁ መሬት ላይ ያለው የራሳችሁ ጥላ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ኩራዝ ብርሃን ግን ቁጥር አንሰጥም፤ እየሞከሩ ማየት ብቻ ነው።

መለኪያው የሚሠራ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ሸራውንና ሰማዩን ትቶ መዳፉን ይለካ። የሰው መዳፍ፣ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ ግራጫ በአንድ እርምጃ ያህል የነጣ ነው። መዳፋችሁን ተነሺው ባለበት ብርሃን ዘርጉ፣ ሌንሱን አስጠግታችሁ ለኩ፣ ከዚያ ቀዳዳውን አንድ እርምጃ ክፈቱ። በቃ። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ሥራ ግራጫ ካርድ ይገዛሉ። እኛ ግን በእርዳታ የታደለ ግራጫ ብርድ ልብስ አለን! በጣም ያልጠቆረውን መርጠን ሞክረናል፤ ከካርዱ እኩል ባይሆንም ይረዳል።

የእናታችንን ፎቶ ያነሱት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ቀትር ላይ ከነበሩበት ፀሐይ አምጥተው ራኩባው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው አስቀመጧቸው። ፀሐይ ከአናት ሲመታ ዓይን ጉድጓድ ይሆናልና። አይ.ኤስ.ኦ 200፣ ቀዳዳ 5.6፣ ሻተር 1/125። ነጠላው ትንሽ ነጭ በዛበት፤ ይብዛበት። ፊታቸው ግን እስከ ሽፋሽፍቱ ይታያል። ቢሮውም ተቀበለ።

ይህን ነገር ለምን እንዳከበድነው ለሚጠይቀን አንድ ነገር እናስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ፋው ከኢትዮጵያ ለተሰደዱ ሰዎች ካምፕ ነበረች። በዚያ ጊዜ ሰባስትያኦ ሳልጋዶ የተባለው ብራዚላዊ በኮረምና በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች እየዞረ ወገኖቻችንን አንስቷል። ብርሃኑን ከፊቱ አድርጎ፣ አቧራው እንደ ጨረር እስኪታይ ያነሳቸው ፎቶዎች ዓለምን አስለቅሰዋል። ሥራው ትልቅ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በውጭ ሰዎች ከተነሱት ወገኖቻችን የብዙዎቹ ስም ከፎቶው ሥር የለም። ልጃቸው ዛሬ ቢፈልጋቸው በምን ያገኛቸዋል? ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፣ ከወላጆቻቸው የተለዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አንድ በአንድ ፎቶ ተነስተው ፎቶዎቹ በየካምፑ ተለጥፈው ነበር። ስሙን መናገር የማይችል ሕፃን በፊቱ ታወቀ። እናት ልጇን ከሰሌዳ ላይ እንድትለይ ፊቱ መጥቆር የለበትም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ፎቶ ሲያነሱ ስም፣ ቀንና ቦታ በደብተር ይጽፋሉ። ባለቤቱ «አይሆንም» ካለ ካሜራው ይወርዳል፤ ከሚፈልገው ሰው ተሰውሮ የሚኖር አለና ምክንያት አይጠየቅም። ከካምፕ ውጭ ደግሞ ካሜራ አይወጣም። በሱዳን ጦርነቱ ከተጀመረበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ካሜራ ይዞ ኬላ ማለፍ ራስን ለጥርጣሬ መስጠት ነው።

ስለ አያያዝም ጥቂት። ሀቡብ ሲነሳ ካሜራውን በፌስታል ቋጥሩት። ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ በነጠላ ጫፍ አይጠረግም፤ መስተዋቱን ይፍቃል። መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ምራቅ እንዳይነካው ግን ተጠንቀቁ። ፊልም ያላችሁ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ይበላዋል። ከውሃ እንስራ አጠገብ፣ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ውስጥ ይሻላል።

ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ራኩባ ሥር ነው። ካሜራ የሌለውም ይምጣ፤ ጥላ አይቶ ቁጥር መጥራት ያለ ካሜራም ይለመዳል። ብርድ ልብስ ያለው ይዞ ይምጣ።