ሥዕል ያለ አስተርጓሚ

ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ሲገናኙ፣ የእጅ ምልክት አልበቃ ሲላቸው እርሳስ ያነሳሉ። ዓሣ የፈለገ ዓሣ ይሥላል፤ ጉዳዩም ያልቃል። ከዚህም የተነሣ ሥዕል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቋንቋ ነው ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ እስቲ እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሆችበርግና ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል ምን እንደሆነ ሳይማር ያደገን አንድ ሕፃን ይመለከታል። ሕፃኑ ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ሲሆነው በመስመር ብቻ የተነደፉ የዘወትር ዕቃዎች ቀረቡለት፤ ስማቸውንም ለይቶ ተናገረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ዴሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሜኒት ብሔረሰብ አባላት ዘንድ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ቀደም ሲል ሥዕል ያለበት ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ይዳስሱና ያሸቱ ነበር፤ ለእነርሱ አዲሱ ነገር ወረቀቱ ነበርና። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ነብርን የመሰሉ የዱር እንስሳትን በጨርቅ ላይ አቀረቡ። ብዙዎቹ ለዩአቸው። ይሁንና በአንድ እይታ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን እያሉ ቀስ በቀስ ከሙሉው እንስሳ ደረሱ።

እንግዲህ ዐይን የነገሮችን ጠርዝ መለየት ስለሚችል፣ ቅርጽ ያለው ነገር በመስመር ሊታወቅ ይችላል። ነገር ግን «ከምግብ በኋላ»፣ «አይደለም»፣ «ሁለት ጊዜ» የሚባሉት ምን ጠርዝ አላቸው? እነዚህን የምንሥለው በስምምነት ነው። በ1972 በፓዮኒር 10 መንኮራኩር ላይ ለሌላ ዓለም ፍጡራን በተላከው ሰሌዳ ላይ የጉዞውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ነበረ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ጎምብሪች ግን ቀስት ወርውሮ የማያውቅ ፍጡር ምልክቱን ከወዴት ይረዳዋል ሲሉ ተቹት።

በጤና ጣቢያ ደግሞ ጉዳዩ የነፍስ ይሆናል። የታመመ ሰው፣ ክኒን፣ ጤነኛ ሰው በተርታ ተሥለዋል እንበል። በአማርኛ ማንበብ የለመደ ከግራ ይጀምራል። በዐረብኛ የለመደ ግን ከቀኝ ቢነሣ፣ ጤነኛው ክኒኑን ውጦ ታመመ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከሁለቱም ላይጀምር ይችላል። ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ይህን ስሕተት ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን «ገባዎት?» ብሎ የራስ ንቅናቄን አለመቀበል ነው። እርሳሱን ለታማሚው መስጠት ይገባል፤ ክኒኑን መቼ መቼ እንደሚወስዱ እርሳቸው ይሣሉ። ፀሐይና ጨረቃ ከሣሉ ጠዋትና ማታ ማለታቸው ይሆናል፤ ፀሐይ ብቻ ከሣሉ ግን ማብራሪያው እንደገና ይጀመራል።