ምርመራን ከደጃፍ ያደረሱ

በ1997 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው የሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 4፣ ወንዶች ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ያው ጥያቄ እንደገና ሲጠየቅ ቁጥሩ በሁለቱም ፆታ ከመቶ 40 አልፎ ተገኘ። የዚህ ለውጥ ታሪክ ሲነሳ የሚጠቀሱት መድኃኒቱና የእርዳታው ገንዘብ ናቸው። ድርሻቸው ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና መጋዘን የተቀመጠ መመርመሪያ ማንንም አይመረምርም። ሰው ጣቱን የዘረጋው የሚያውቀውና የሚያምነው ሌላ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስላነጋገረው ነው። ስለ እነዚያ ሰዎች የሚገባውን ያህል አልተጻፈም።

ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ በደም ምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም ነው። ያኔ መመርመር የሞት ፍርድን ከመስማት አይለይም ነበር። ሐኪሙ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ አከራይ ቤት ያስለቅቃል፤ ቤተ ዘመድ ሳይቀር ዕቃ ይለያል። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟቹ ሕመም ስሙ አይጠራም፣ «ሳንባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚያ ዘመን ስማቸውንና ፊታቸውን ይዘው አደባባይ የወጡት፣ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን ያቆሙት፣ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች ናቸው። ትምህርት ቤት፣ ካምፕ፣ ፋብሪካ እየዞሩ ቆመው ተናገሩ። ከእነሱም ጥቂት የማይባሉት መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው አልፈዋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአላባና በያቤሎ የተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይት ለእኔ የዚህ ሥራ ሁሉ ምሰሶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በደገፈው በዚህ ሥራ፣ በተለይም ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለው ድርጅት በደቡብ ባካሄደው፣ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ባለትዳሯ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሃይማኖት አባቱ ዛፍ ጥላ ሥር በየጊዜው ይቀመጣሉ። አወያዮቹ ከዚያው መንደር የተመረጡ ናቸው፤ ሥራቸውም ትእዛዝ መስጠት ሳይሆን መጠየቅ ነው። ወንድም የሟች ወንድሙን ሚስት ሲወርስ ምን ይዞ ይገባል? የግርዛቱ ምላጭ ስንት ልጅ ላይ አረፈ? ለሙሽሮች ጥሎሽ ሲቆጠር የደም ውጤት ለምን አይጠየቅም? ሴቶች ባሎቻቸው ባሉበት አፍ አውጥተው መናገር የጀመሩት ወራት ፈጅቶ ነው። ከከተማ የመጣ ባለሙያ በአንድ ቀን ሥልጠና ይህን ሊያደርገው አይችልም። ከጋብቻ በፊት መመርመርን ማኅበረሰቡ ራሱ ተወያይቶ ሲወስን ግን የሚያስከብረውም ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር በአንድ ላይ መጣ። በ1997 ዓ.ም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር «ተመርምሬ ምን ላገኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘለት። «የቀን ቅኝት» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማ በየቤቱ ይደመጥ ነበር። በ952 ስልክ የሚደውል ሰው ስሙን ሳይናገር ምክር ያገኝ ነበር። በሚሊኒየሙ የኤድስ ዘመቻ ወቅት ድንኳን በየገበያውና በየአደባባዩ ተተክሎ ሰው ተሰልፎ ተመረመረ። በቀበሌው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እርጉዟን ወደ ጤና ጣቢያ እየላኩ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ከንጽሕናና ከክትባት ጋር አያይዘው አስተማሩ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ነው፤ ደመወዛቸውንም የሚከፍለው መንግሥት ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ እንጦጦ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጸበሉን ተማምነው ወደ እንጦጦ ማርያም ከወጡት ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። የጤና ባለሙያው ብቻውን ቢገሥጻቸው እምነታቸውን እንደ ነካ ይቆጠርበታል። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ግን ምእመኑ ከሁለት አንዱን ምረጥ ከመባል ዳነ። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ከጋብቻ በፊት ምርመራ መጠየቁ እንዲሁ ከሃይማኖት አባቶች የመጣ ድጋፍ ነው።

ዛሬ ሥራው መልኩን ቀይሯል። የ2008ቱ ጥናት የሥርጭቱ መጠን በአገር ደረጃ ከመቶ 0.9 መሆኑን አሳይቷል፤ ጋምቤላ ግን ከመቶ 4.8፣ አዲስ አበባ 3.4 ነበሩ። በ2010 ዓ.ም በከተሞች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል ከአምስት አንዱ ገደማ ይህን እንደማያውቅ አሳየ። ሁሉን በድንኳን መመርመር እነዚህን አያገኛቸውም። የሚፈለጉት የጭነት መኪና ሾፌሮች በሚያድሩባቸው ከተሞች፣ በምሽት መዝናኛ ቤቶች፣ በግንባታና በእርሻ ካምፖች፣ በተመርማሪው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ዘንድ ነው። እዚያ የሚደርሰው ያንን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከሴተኛ አዳሪዎች መካከል የሠለጠነች ሴት፣ ወይም ራሱ መድኃኒቱን እየወሰደ ሌላውን የሚደግፍ ሰው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍም ከእሱ አፍ ሲሰማ ይታመናል።

እነዚህን ሠራተኞች ሲቀጥር የኖረው በአብዛኛው የውጭ ገንዘብ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌዋ ቀረች፤ የአገር በጀት ይዟታል። የኤች አይ ቪ አማካሪው ግን ያገለገለውን ዓመት ሁሉ ይዞ ወጣ። መድኃኒት አቋርጦ የጠፋውን ሰው ቤቱን የሚያውቀው፣ ስልኩን የሚያነሳለት፣ እሱ ነበር። ለሃያ ዓመት እየሠራ መሆኑ የታየን ሥራ በሌላ አገር ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ መተዋችን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል መንግሥታት እነዚህን ሠራተኞች በቋሚ በጀት ይያዙ፤ እድሮችም የራሳቸውን አስተዋፅኦ ያድርጉ። ያልተመረመርክ፣ ያልተመረመርሽ አንባቢ ሆይ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነጻ ነው፤ ውጤቱም በዚያው ቀን ይነገራል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። በዚህ ሳምንት ሂዱ።